ኦሜፕራዞል ለዓመታት ለወሰደ ሰው፦ ልቀጥል፣ ልቀንስ ወይስ ልቀይር?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው አብዝቶ የሚጠይቀኝ የጨጓራ መድኃኒት ነው። ማዘዣ ስጠይቅ ባዶውን ማሸጊያ ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኛል። "ይቺኑ ነው እህቴ፣ ሌላ አይስማማኝም።" ከጀመሩት ስንት ጊዜ እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ "ኧረ ቆየሁ፣ ሦስት ዓመት አለፈኝ።" ለምን ታዘዘልዎት? ስል ግን ምክንያቱ ተረስቷል።

መሃል ሜዳ ያሉት አክስቴም እንዲሁ ነበሩ። ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላቸው። ጨጓራቸውን እንዳይጎዳው ኦሜፕራዞል ተጨመረበት። ዲክሎፌናኩ በሁለት ወር ቆመ። ኦሜፕራዞሉ ግን ከአራት ዓመት በላይ ቀጠለ። አቁሙ ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔም ሥራዬ ሆኖ ሳለ አልጠየቅኳቸውም። አንድ ቀን "ልጄ፣ እግሬ የኔ አይመስለኝም፤ ጥጥ ላይ የምረግጥ ነው የሚመስለኝ" አሉኝ። ሲመረመሩ ቫይታሚን ቢ12 በጣም ወርዶ ተገኘ።

የቃርና የጨጓራ መድኃኒቶች የሚሰጡት እፎይታ ይለያያል። ከሰውነት የሚያጎድሉትም ይለያያል። ስለዚህ ምርጫውን በሁለቱም በኩል ማየት ይገባል።

አሲዱ ምን ይሠራልናል?

ደረታችንን ሲያቃጥለን አሲድ ጠላት ይመስለናል። ግን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ውስጥ ቢ12ን ከፕሮቲኑ እንዲላቀቅ የሚያደርገው እሱ ነው። በጤፍና በምስር ውስጥ ያለው ብረት አንጀት ሊቀበለው በሚችለው መልክ እንዲሆን ይረዳል። አንዳንድ የካልሲየም እንክብሎችንም የሚያሟሟው እሱ ነው።

ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ኦሜፕራዞል እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊድን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች በጨጓራ ግድግዳ ላይ ያሉትን አሲድ የሚያወጡ ፓምፖች ራሳቸውን ይዘጋሉ። ከሌሎቹ የሚበረቱት ለዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ንጥረ ነገር የማጉደል ዕድላቸው የሚበልጠውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቢ12

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥናት ታትሞ ነበር። የኦሜፕራዞልን ቤተሰብ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱ ሰዎች የቢ12 እጥረት የሚገኝባቸው ዕድል ካልወሰዱት በ65 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሌላውን አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት፣ የፋሞቲዲንን ቤተሰብ፣ በወሰዱት ላይ ጭማሪው 25 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን መድኃኒቱ ጥፋተኛ ነው ብሎ አይፈርድም። ግን አሲድና ቢ12 ምን እንደሚያገናኛቸው ስለምናውቅ በቀላሉ የሚታለፍ ውጤት አይደለም።

እዚያ አገር አብዛኛው ሰው ሥጋና ወተት ዓመቱን ሙሉ ይበላል። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ቢ12ን በተፈጥሮ የምናገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። ሽሮው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ በሶው ስንት ጥቅም አላቸው፤ ቢ12 ግን የላቸውም። ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የሁዳዴ ቀን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ የፍልሰታን ሁሉ የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ቢ12 የሌለው ምግብ ይበላል። ጨጓራው ጤነኛ የሆነ ሰው ይህን ይችለዋል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ይተካል።

ኦሜፕራዞል የሚወስደው ሰው ግን መተካቱ ይከብደዋል። በጾም ቢ12 አይገባም፣ በፍስክ ደግሞ የገባው በደንብ አይላቀቅም። የስኳር ሕመም ኖሮበት ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነ ሌላ ቀዳዳ ተጨመረ ማለት ነው፤ ሜትፎርሚንም ቢ12ን ይቀንሳል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጨጓራቸው በራሱ አሲድ የሚያንሰው ሰዎች ብዙ ናቸው። ጿሚ፣ አዛውንት፣ ሜትፎርሚን ወሳጅ፣ በዚያ ላይ ለዓመታት ኦሜፕራዞል። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሲገጥም በየሳምንቱ አያለሁ።

እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ድካም፣ የምላስ መላላጥና ማቃጠል፣ የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ፣ በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳት። ሰው "እርጅና ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በጾም የምንበላው ጎመንና ጥራጥሬ ፎሌት የሚባለው ሌላ የቢ ቫይታሚን በብዛት አለው። ፎሌት ሲበዛ በቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍነው ይችላል። ደሙ ደህና ሆኖ እየታየ ነርቩ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ነርቭ ደግሞ ብዙ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ የደም ማነስ የለብህም ተብሎ ድንዛዜው ካለ፣ ቢ12 ይታይልኝ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልግ ይሆናል።

ብረት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም

የብረት ነገር በተለይ ሴቶችን ይመለከታል። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በአሲድ ማነስ ብዙም አይጎዳም። በጤፍ፣ በምስርና በጎመን ያለው ግን ይጎዳል። የምንጃር ጤፍ በብረት የታወቀ ቢሆንም፣ አሲድ በሌለበት ጨጓራ ውስጥ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሊጡ በእርሾ በደንብ መቡካቱ ይረዳል፤ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ሲቦካ ይቀንሳልና። ቫይታሚን ሲም ይረዳል። ሎሚና ብርቱካን ጨጓራውን የሚያቃጥሉት ሰው ከሸዋ ሮቢት የሚመጣውን ፓፓያ ይሞክር፤ ቫይታሚን ሲ አለው፣ አያቃጥልም። ቡናን ግን ከምግብ ጋር አታያይዙት። አቦሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቡና ብረትን ያግዳል፣ አንዳንዱን ሰው ቃርም ያስነሳበታል።

የማግኒዚየም መጉደል ብዙ ሰው ላይ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ከባድ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ብዙውን ጊዜ የታየው ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ ነው። ባት ሲሸመቅቅ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ልብ ምቱን ሲስት፣ ሲብስም ሰውነት ሲያንቀጠቅጥና ራስን ሲያስት ነው የሚታወቀው። ከታዩት ሰዎች ሩብ በሚሆኑት ላይ የማግኒዚየም እንክብል ብቻውን አልበቃም፣ መድኃኒቱ ራሱ መቆም ነበረበት። ገብስና ባቄላችን ማግኒዚየም ሞልቷቸው ሳለ ሊጎድል የሚችለው ችግሩ ከምግቡ ሳይሆን አንጀት በደንብ ስለማይቀበለው ነው። ለግፊት ወይም ለልብ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ወይም ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ፣ ይህን ለሐኪሙ ማንሳት አለበት።

ስለ አጥንት ብዙ ይወራል። ያው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 የዳሌ፣ የእጅ አንጓና የአከርካሪ ስብራት ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ ፓንቶፕራዞል በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በስብራት ልዩነት አላገኘም። ጎልቶ የታየው የአንጀት ኢንፌክሽን በትንሹ መጨመሩ ነበር። ስለዚህ አጥንቴ ይሰበራል በሚል ፍርሃት ብቻ የሚያስፈልገውን መድኃኒት መጣል ትክክል አይመስለኝም። የካልሲየም እንክብል የሚወስድ ግን ዓይነቱን ይይ። ካልሲየም ካርቦኔት አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ካልሲየም ሲትሬት አሲድ አይፈልግም፣ ኦሜፕራዞል ለሚወስድ ሰው የተሻለው እሱ ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ ለምን ጀመርኩት?

አንዳንድ ሰው ማቆም የለበትም። ጨጓራው ወይም ትንሹ አንጀቱ ቆስሎ ደምቶ የሚያውቅ፣ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) የምግብ ቧንቧው ክፉኛ መቁሰሉ የታየ፣ ባሬት የሚባለው የምግብ ቧንቧ ለውጥ ያለበት፣ ዕድሜው ገፍቶ አስፒሪን ወይም ዲክሎፌናክ በየቀኑ መውሰድ ግድ የሆነበት። ለእነዚህ ሰዎች የመድማት አደጋው ከንጥረ ነገሩ መጉደል ይብሳል። መድኃኒቱን ይቀጥሉ፣ የሚጎድለውን ይተኩ።

እኛ ጋ "ጨጓራ" የሚባለው ሁሉ ቃር አይደለም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ የብዙዎቹ ምክንያት ነው። እሱ ካለ ኦሜፕራዞል ብቻውን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን፣ ተወስዶ ያበቃል። ምርመራውን ስታደርጉ አንድ ነገር እወቁ፦ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ የሰገራ ምርመራ ቢያደርጉ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል። ይህን ማንም ስለማይነግራቸው "ነጻ ነህ" ተብለው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰ፣ ምግብ ሲውጡ ከተቀረቀረ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ ግን ምርጫው ቀርቶ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ኦሜፕራዞልን መቀጠል ወይስ መቀነስ?

ለመቀጠል በቂ ምክንያት ያለው ሰው በሚበቃው ትንሹ መጠን ይውሰደው። 40 ሚሊግራም ጀምሮ የተሻለው ሰው 20 ይበቃው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሰዓቱም ዋጋ አለው። ፓምፖቹ የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ የሚወሰደው ከምግብ 30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። ጠዋት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የመድኃኒቱን ጉልበት ያባክናል። ከዚያ "አልሠራልኝም" ብሎ ይጨምራል። በጾም ቀን ከመጀመሪያው ምግብ በፊት እንዲሆን ቢደረግ ይሻላል። ከምግቡ በፊት ውኃ መጠጣቱ ለሚያስጨንቀው ሰው የንስሐ አባቱን ማማከር ነው፤ ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

በቂ ምክንያት የሌለው ሰው መቀነስ ይችላል። ግን በአንድ ጀንበር ቢያቆም ሊደነግጥ ይችላል። ፓምፖቹ ለረጅም ጊዜ ታግደው ሲለቀቁ አሲድ ለጥቂት ሳምንታት ከቀድሞው በላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴንማርክ ውስጥ ምንም ሕመም የሌለባቸው 120 ሰዎች ተመርጠው፣ ከፊሎቹ ኢሶሜፕራዞል ለ8 ሳምንት ወስደው አቆሙ። ካቆሙት 44 በመቶው ቃርና የሆድ ሕመም ጀመራቸው። ባዶ እንክብል ከወሰዱት ውስጥ ግን የጀመራቸው 15 በመቶው ነበሩ። ጤነኛው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ ሰው "ያለሱ መኖር አልችልም" ቢል አይፈረድበትም። የተመለሰበት አሮጌው በሽታ ላይሆን ይችላል። አንዱ የተለመደ አካሄድ መጠኑን ለሁለት ሳምንት ማሳነስ፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ፣ ከዚያ ማቆም ነው። በመሀል የሚያቃጥል ከሆነ የሚታኘከውን አንቲአሲድ (አሲድ ማምከኛ) መያዝ ነው። ካፕሱሉን ፈትቶ ፍሬዎቹን ማድቀቅ አይገባም፤ ከተደቀቁ ጨጓራ ውስጥ ይበላሻሉ።

ሲያስፈልግ ብቻ መውሰድም አለ። ቃር በወር ጥቂት ቀን ብቻ ለሚነሳበት ሰው ይበቃል። ሰውነትም በመሀል አሲዱን መልሶ ያገኛል። ለእኔ ብዙዎቹ ደንበኞቼ ሊሄዱበት የሚገባው ይህ መንገድ ነው።

ወደ ፋሞቲዲን መቀየር

ፋሞቲዲንና ሲሜቲዲን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። አሲድን ይቀንሳሉ እንጂ ፓምፑን አይዘጉም። ስለዚህ ቢ12 ላይ ያላቸው ጫና ያነሰ ነው። ፋሞቲዲን በሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ሌሊቱን ይይዛል። ማታ ማታ ለሚያቃጥለው ሰው ጥሩ ነው። ጉድለቱ ሰውነት ቶሎ ይለምደዋል። በየቀኑ ሲወሰድ በአንድ ሁለት ሳምንት ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አስፈላጊ በሆነ ቀን ብቻ መውሰዱ ይመረጣል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል።

ከሁለቱ እኔ ፋሞቲዲንን እመርጣለሁ። ሲሜቲዲን ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፤ ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን፣ ከሚጥል በሽታው ፌኒቶይን፣ ለአስም ከሚሰጠው ቲዮፊሊን ጋር። ራኒቲዲን ቤታችሁ የተረፈ ካለ አትውሰዱት። ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚሰጋ ብክለት ስለተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ እንዲወጣ ተጠይቋል።

አንቲአሲድና ተልባ

የሚታኘኩትና ሽሮፖቹ፣ እንደ ማግኒዚየም ትራይሲሊኬትና አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ያሉት፣ ያለውን አሲድ ያመክናሉ። በደቂቃዎች ያስታግሳሉ፣ በሰዓት ሁለት ሰዓት ያልቃሉ። አልፎ አልፎ ለሚያቃጥለው ሰው ከሁሉም የቀለለ ምርጫ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴትም ብዙ ጊዜ የሚጀመርላት በእነዚህ ነው። ግን ከአይረን እንክብሏ ጋር አንድ ላይ ከዋጠችው አይረኑን ይይዘዋል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ፀረ ባክቴሪያዎቹ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ። አሉሚኒየሙ ያደርቃል፣ ማግኒዚየሙ ያስቀምጣል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሁለቱም ስለሚከማቹበት ያለ ሐኪም አይንካቸው። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ መጠጣትን ግፊት ላለበት ሰው አልመክርም፤ ጨው ነው።

ተልባ የእናቶቻችን ነው። ዝልግልጉ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ሆድ ድርቀትንም ያግዛል። ንጥረ ነገር የሚያጎድል አይደለም። ቁስልን ያድናል ብዬ ግን አልሸጥም። ከመድኃኒት ጋርም በሁለት ሰዓት አራርቁት።

ያለ መድኃኒት ሊሠራ የሚችለው

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲበረታ እራት ማታ 3 ሰዓት ይበላና ቀጥታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። ለቃር ከዚህ የባሰ የለም። እራትና መኝታ ሦስት ሰዓት ቢራራቁ፣ የአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጡብ ተደርጎ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል፣ በግራ ጎን ቢተኛ ብዙ ይቀይራል። ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ አይጠቅምም። ክብደት የጨመረ ሰው ጥቂት ኪሎ ቢቀንስ ከመድኃኒት የሚስተካከል ለውጥ ያያል። አረቄና ሲጋራ ይቀነሱ። በጾም ደግሞ 9 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ አንድ ትሪ መብላት ቃሩን ይጠራዋል፤ ከፈል አድርጎ መብላት ይሻላል።

የጎደለውን መተካት፦ በምግብ፣ በእንክብል ወይስ በመርፌ?

አንድ ጎልማሳ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ቢ12 ይበቃዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ግማሹን ያህል ይይዛል፣ አንድ እንቁላል ከዚያ ያንሳል፣ ጉበት ግን ብዙ አለው። ለኦሜፕራዞል ተጠቃሚ ችግሩ መላቀቁ ነው። በእንክብል ያለው ቢ12 ግን ከፕሮቲን ጋር ያልተያያዘ ስለሆነ አሲድ አይፈልግም። የሚመረተውም ከሥጋ ሳይሆን በባክቴሪያ ነው፤ ለጿሚ ይህ መልካም ዜና ነው። እጥረቱ ቀላል ከሆነ በቀን 1000 ማይክሮግራም በአፍ መውሰድ ለብዙ ሰው ይበቃል። ድንዛዜ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ ግን በመርፌ መጀመር ይሻላል። "ቢ ኮምፕሌክስ" የሚል ሁሉ በቂ ቢ12 አለው ማለት አይደለም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ፣ ወይም ፋርማሲስቱ ያንብብላችሁ።

ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሁሉ ቫይታሚን ይግዛ አልልም። አጭር ጊዜ የሚወስድ፣ በደንብ የሚበላ ሰው አያስፈልገውም። ሁለት ዓመት ያለፈው፣ የሚጾም፣ ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ ወይም ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ግን ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ቢመረመር ደስ ይለኛል።

አክስቴ ኦሜፕራዞሉን በሁለት ወር ቀስ ብለው አቆሙ። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት አቃጠላቸው፣ "መልሺልኝ" ብለው ደወሉ። የሚታኘከውን ላክሁላቸው። አሁን በወር አንድ ሁለት ቀን ፋሞቲዲን ይወስዳሉ። መርፌውን ጨርሰው ወደ ቢ12 እንክብል ዞረዋል። ድካሙ ለቋቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ያለ ምርኩዝ ይደርሳሉ። የግራ እግራቸው ጣቶች ግን እስካሁን እንደደነዘዙ ናቸው።